«ጌት» ሲባል «አገኘ» ብቻ ነው?

የዛሬው የጥያቄና መልስ ዓምዳችን ስለ አንድ ቃል ብቻ ነው። ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አምስቱ በአንድ የእንግሊዝኛ ግስ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ሆነው አገኘናቸው። ግሱ «ጌት» ነው። ሲያዩት ትንሽ ነው፣ እንግሊዝኛ በሚነገርበት ሁሉ ግን በየአፉ አለ። ስለዚህ ሌሎቹን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው ዕትም አቆይተን እነዚህን አንድ ላይ እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ቢሮ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። እንግሊዝኛ አነባለሁ፣ ሲያወሩም እሰማለሁ፣ «ጌት» ላይ ስደርስ ግን ይጠፋብኛል። ትምህርት ቤት «ጌት ማለት አገኘ ማለት ነው» ተብዬ ነው የተማርኩት። ታዲያ «ሺ ጎት ሲክ» ሲሉ «በሽታ አገኘች» ልበል? መዝገበ ቃላት ስከፍት ደግሞ ትርጉሙ ተነቦ አያልቅም። በዚያ ላይ በቅርቡ ስልኬ ተበላሽቶ ሠሪ ጋ ወስጄ ነበርና ለውጭ አገር ባልደረባዬ «አይ ሪፔርድ ማይ ፎን» ብዬ ስነግራት «ስልክ መጠገን ትችያለሽ እንዴ?» ብላ ተገረመች። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ትርጉሞቹን ሁሉ በቃሌ ላጥናቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ በቃልሽ አታጥኚ። ጉልበትሽን ነው የምትጨርሺው። ይልቅ ግሱ ምን እንደሚሠራ አንዴ ከገባሽ ትርጉሞቹ ራሳቸው ይመጣሉ።

የተማርሽው ስህተት አይደለም፣ ጎደሎ ነው እንጂ። ቃሉ መጀመሪያ «አገኘ፣ ያዘ» ማለት ነበር። እንግሊዝኛ የወሰደው ከጥንቱ የስካንዲኔቪያ ቋንቋ ነው፤ ቫይኪንጎች እንግሊዝ ምድር ላይ ሰፍረው ከነዋሪው ጋር ሲቀላቀሉ ካስገቧቸው ቃላት አንዱ ነው። «ቴክ»፣ «ዘይ»፣ «ኤግ»፣ «ስካይ» የሚባሉትም በዚያው መንገድ የገቡ ናቸው። የጥንቱ ቃል በፊደላችን ቢጻፍ «ጌታ» ነው የሚሆነው። ከእኛው ጌታ ጋር ግን ዝምድና የለውም፣ ድምፁ ገጥሞ ነው።

ከዚያ በኋላ ቃሉ ሰፋ። ዕቃ ከመያዝ አልፎ አንድ ሁኔታ ውስጥ መግባትንም ያዘ። ዛሬ «ጌት» ን በአንድ አማርኛ ቃል ግለጽ ብባል «ተሻገረ» የሚለውን ነው የምመርጠው። ደብዳቤው እጅሽ አልነበረም፣ አሁን አለ፤ «አይ ጎት ኤ ሌተር»። ደህና ነበረች፣ አሁን ታማለች፤ «ሺ ጎት ሲክ»። መንገድ ላይ ነበርን፣ አሁን ቤት ነን፤ «ዊ ጎት ሆም»። የምትዪው አልገባኝም ነበር፣ አሁን ገባኝ፤ «አይ ጌት ኢት»። አራቱም ላይ አንድ ነገር ከወዲያ ወደዚህ ተሻግሯል። የተሻገረው ነው የሚለያየው፤ አንዴ ዕቃ፣ አንዴ ጤና፣ አንዴ ሰው ራሱ፣ አንዴ ሐሳብ።

ለምን እኛን ያስቸግረናል? እኔ ይሄን የምለው ለብዙ ጊዜ ሳስተምር ካየሁት ነው። አማርኛ መሻገሩን ግሱ ውስጥ ይከተዋል። ታመመ፣ ጨለመ፣ ደከመ፣ አረጀ፣ ተናደደ፣ ቀዘቀዘ። እያንዳንዳቸው አንድ ቃል ናቸው፣ ለውጡም እዚያው ውስጥ አለ። እንግሊዝኛ በዕለት ተዕለት ወሬ እዚህ ላይ የሚጠቀመው ቅጽል ነው፤ «ሲክ»፣ «ዳርክ»፣ «ታይርድ»፣ «ኦልድ»፣ «አንግሪ»፣ «ኮልድ»። ቅጽል ብቻውን አይንቀሳቀስም። የሚያንቀሳቅስለት ግስ ይፈልጋል፣ ያ ግስ «ጌት» ነው። «ኢትስ ጌቲንግ ዳርክ» ማለት «እየጨለመ ነው» ማለት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቂ። እኛ አሁን፣ እዚሁ ተቀምጠን «ደከመኝ» እንላለን። ግሱ ያለፈ ጊዜ ነው፣ የምናወራው ግን ስለ አሁን ነው። ይሄንን ቀጥታ ወስደሽ «አይ ጎት ታይርድ» ካልሽ ሰሚው ታሪክ የጀመርሽ ነው የሚመስለው። «እሺ፣ ከዚያስ?» ብሎ ይጠብቃል። አሁን ከደከመሽ «አይ አም ታይርድ» ነው። ትናንት ስትሄጂ ስትሄጂ መሃል ላይ ደክሞሽ ከተቀመጥሽ፣ ያኔ «አይ ጎት ታይርድ» ትያለሽ። የመጀመሪያው ያለሽበት ነው፣ ሁለተኛው የገባሽበት ቅጽበት ነው። በእኛ «ደክሞኛል» እና «ያኔ ደከመኝ» እንደምንለው ማለት ነው።

ወደ ስልክሽ እንምጣ፣ ዋናው ያለው እዚህ ነው።

በአማርኛ «ስልኬን አስጠገንኩ» ብትዪ ማንም አይሳሳትም። ግሱ መጀመሪያ ላይ የገባችው «አስ» ሥራውን ሌላ ሰው እንደሠራው ተናግራለች። መኪናዬን አሳጠብኩ፣ ወረቀቱን አስፈረምኩ፣ በሩን አስቀየርኩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። እንግሊዝኛ እንደዚህ ያለ «አስ» የለውም። ስለዚህ «አይ ሪፔርድ ማይ ፎን» ስትዪ መፍቻ ይዘሽ የተቀመጥሽው አንቺ ነሽ። ባልደረባሽ የተገረመችው ለዚህ ነው። ትክክለኛው «አይ ጎት ማይ ፎን ሪፔርድ» ነው። «አይ ሃድ ማይ ፎን ሪፔርድ» ብትዪም ያው ነው፣ ትንሽ ረጋ ያለ ይመስላል እንጂ። ከእንግዲህ በአማርኛ ያሰብሽው ግስ «አስ» ካለው እንግሊዝኛው ላይ «ጌት» ወይም «ሃቭ» ያስፈልግሽ እንደሆነ ቆም ብለሽ እዪ። «አስታወስኩ» ን የመሰሉ ሌላ ሰው የሌለባቸው አሉ፣ እነሱን ተያቸው።

የቃላቱ ቅደም ተከተል ደግሞ ቀልድ አያውቅም። ዕቃው መሃል ይገባል፤ ጎት፣ ማይ ፎን፣ ሪፔርድ። «አይ ሃቭ ሪፔርድ ማይ ፎን» ካልሽ መልሰሽ ጠጋኟ አንቺ ሆንሽ። ቃላቱ ያው ናቸው ማለት ይቻላል፣ ቦታ ስለተለዋወጡ ብቻ ሠራተኛው ሌላ ሰው ሆነ።

ሌላ የምንሳሳትበት አለ፣ እሱን ሳልነግርሽ አላልፍም። «ፀጉሬን ተቆረጥኩ»፣ «ጥርሴን ተነቀልኩ»፣ «ስልኬን ተሰረቅኩ» እንላለን። «ተ» አለበት፣ ግን ደግሞ «ን» ያለው ዕቃ አብሮት አለ። ይሄ ለአማርኛ ጤነኛ ዓረፍተ ነገር ነው። ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ግን «አይ ዋዝ ስቶልን ማይ ፎን» ይሆናል፣ ይሄም አይቆምም። እንዲያውም «አይ ዋዝ ስቶልን» የሚለውን ብቻ የሰማ ሰው አንቺን ራስሽን ሌባ ይዞሽ የሄደ ነው የሚመስለው! «ማይ ፎን ጎት ስቶልን» በዪ። ፀጉሩና ጥርሱ ደግሞ እንደ ስልኩ ጥገና ነው የሚሄዱት፤ «አይ ጎት ማይ ሄር ካት»፣ «አይ ጎት ማይ ቱዝ ፑልድ»።

እዚህ ላይ «ዋዝ ስቶልን» እና «ጎት ስቶልን» ምን ይለያቸዋል ትዪ ይሆናል። ሁለቱም ልክ ናቸው። «ጎት» ያለው የወሬ ቋንቋ ነው፣ ደግሞ ነገሩ ድንገት የደረሰ ወይም ባለቤቱን የነካ ሲሆን ይመቻል። «ሂ ጎት ፋየርድ»፣ ከሥራ ተባረረ። «ሺ ጎት ፕሮሞትድ»፣ ዕድገት አገኘች። ስለ አንድ ቤት መቼ እንደተሠራ ስታወሪ ግን «ዋዝ ቢልት» ነው የሚሻለው፣ ድንገት የደረሰ ነገር የለውማ። «ተወደደ»፣ «ታወቀ» የሚሉ የስሜትና የዕውቀት ግሶችንም በ«ጎት» አትሞክሪያቸው።

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ ጡረታ የወጣሁ አባት ነኝ። የልጅ ልጄን የቤት ሥራ ሳግዝ «ጎትን» ብዬ ጻፍኩላትና መምህሯ በቀይ ሰርዞ «ጎት» አደረገው። እኔ ግን ቃሉን በአሮጌው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አንብቤዋለሁ። ማን ነው የተሳሳተው?

መልስ፦ አባቴ፣ እርስዎም አልተሳሳቱም፣ መምህሩም አልተሳሳቱም። ያነበቡት ቦታ የትኛው እንደሆነ ባይጽፉልንም ዘፍጥረት 4፥1 ሊሆን ይችላል ብለን እንገምታለን። በ1611 በታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ሔዋን ቃየንን ስትወልድ የምትናገረው «አይ ሃቭ ጎትን ኤ ማን ፍሮም ዘ ሎርድ» ይላል። በእኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ወንድ ልጅ ከእግዚአብሔር አገኘሁ» የሚለው ነው። ቃየን የሚለው ስም ራሱ በዕብራይስጥ «አገኘ» ከሚለው ግስ ጋር በድምፅ ይመሳሰላል፣ የጥቅሱ ውበትም ከዚያ ነው።

እንግዲህ በዚያ ዘመን እንግሊዞቹ «ጎትን» ይሉ ነበር ማለት ነው። ኋላ ላይ እንግሊዝ አገር እየተወች መጣች፣ ዛሬ እዚያ ሦስተኛው ቅርጽ «ጎት» ነው። ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ግን አሮጌውን ይዘው ቀሩ። ብዙ ሰው «ጎትን» ን አሜሪካኖች ያበላሹት ቃል ያደርገዋል፣ ይሄ ስሕተት ነው፤ የቆየውን የጠበቁት እነሱ ናቸው። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ሙሉ በሙሉ አልጣሉትም። «ፎርጎትን» ይላሉ፣ «የተረሳ» ለማለት። በማይገባ መንገድ የተገኘ ሀብትንም «ኢል ጎትን» ይሉታል።

«ፎርጌት» ካነሳን፣ ውስጡ ያለው «ጌት» ከዚሁ ከእኛ ግስ ጋር አንድ ሥር ነው። የያዙትን ነገር መልቀቅ፣ ከእጅ ማጣት ማለት ነው፤ መርሳት ደግሞ እሱው ነው። «ቢጌት» የሚለውም፣ «አብርሃም ይስሐቅን ወለደ» በሚለው ቦታ በዚያው አሮጌ ትርጉም የሚያገኙት፣ የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ለልጅቷ የቤት ሥራ የምመክርዎት፣ ትምህርት ቤቷ የእንግሊዙን የሚከተል ከሆነ «ጎት» ይጻፉላት። የአሜሪካውን ከሆነ ግን ሁለቱም ይሠራሉ፣ ነገር ግን ትርጉማቸው ይለያል። «አይ ሃቭ ጎት ኤ ካር» ማለት «መኪና አለኝ» ነው። «አይ ሃቭ ጎትን ኤ ካር» ማለት «መኪና ገዝቻለሁ፣ አግኝቻለሁ» ነው። አንዱ መያዝ፣ ሌላው እጅ ማስገባት። ይሄን ልዩነት ለልጅቷ ቢነግሯት በጣም ደስ ይለኛል፣ መምህሯም ጋ ይዛው ብትሄድ አይከፋም።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? ፊልም በጣም አያለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ አሜሪካኖች «ጌት ኢት» ሲሉ «ጌዲት» የሚል ነው የሚሰማኝ፣ ጆሮዬ ነው? ሁለተኛ፣ አንዱ ለጓደኛው ደስ የሚል ወሬ ሲነግረው ጓደኛው «ጌት አውት ኦፍ ሂር!» አለው። ለምን ያባርረዋል?

መልስ፦ ሰላም ነው ወንድሜ። ጆሮህ ጤነኛ ነው። አሜሪካኖች በሁለት አናባቢ መሃል የገባችን «ት» ያለሰልሷታል፣ ምላስ ላንቃን ነካ አድርጋ ትመለሳለች፣ ለእኛም «ድ» ሆና ትሰማናለች። «ጌት ኢት» ጌዲት፣ «ጌት አፕ» ጌዳፕ፣ «ጌት አውት» ጌዳውት። ይህችን አንዲት ነገር ካወቅህ ፊልም ላይ ያመለጠህ ብዙ ቃል ይመለስልሃል። አንተ ስትናገር ግን የግድ እንደዚያ በል የሚልህ የለም፣ «ት» ብትል ይገባቸዋል።

«ጌት አውት ኦፍ ሂር» ቃሉ «ከዚህ ውጣ» ነው፣ ቁጣ ላይ ሲባልም ያንኑ ማለት ነው። ያየኸው ልጅ ግን አላባረረውም። እኛ «ባክህ! አትለኝም!» እንደምንለው ነው፣ ወሬው ከመልካምነቱ የተነሳ ለማመን ሲያስቸግር። ድምፁንና ፊቱን እይ፣ ልዩነቱ እዚያ ነው ያለው።

ፊልም ካየህ አይቀር ሌላ አንድ ልጨምርልህ። «አይ ጎት ቱ ሲ ሂም» ሲሉ «ማየት አገኘሁ» እንዳትል። «ላየው በቃሁ» ነው። ስንመኘው የነበረ ነገር ሲሳካ «ለዚህ በቃሁ» የምንለው አለ አይደል? ልክ እሱ። «ጎት» ን ካወጣኸውና «አይ ሶው ሂም» ካልክ «አየሁት» ብቻ ይቀራል፣ ምኞቱም ዕድሉም አብሮ ይወጣል። እኔ በዚህ ቋንቋ ውስጥ ከምወዳቸው አነጋገሮች አንዱ ይሄ ነው። ከፈጣኑ «ጋታ» ጋር ግን አታምታታው፤ «አይ ጋታ ጎ» ማለት «መሄድ አለብኝ» ነው፣ እዚያ ውስጥ ግዴታ እንጂ ዕድል የለም።

ጥያቄ፦ ጥያቄዬ አጭር ነው። «ሺ ጎት ማሪድ ዊዝ ሂም» ብዬ ተሳቀብኝ። ደግሞስ አውቶቡስና መኪና ላይ ለምን «ኦን» እና «ኢን» ይለያያል?

መልስ፦ የሳቁብሽ ነውር ሠሩ። ስሕተቱ የመጣው «ከእሱ ጋር ተጋባች» ከሚለው ነው፣ «ጋር» ን «ዊዝ» አድርገሽ። እንግሊዝኛው «ሺ ጎት ማሪድ ቱ ሂም» ይላል፣ ወይም «ጎት» ን ትተሽ «ሺ ማሪድ ሂም»። ሁለተኛው ላይ ምንም መስተዋድድ አይገባም።

መጓጓዣውን በሰውነትሽ አስቢው። ገብተሽ ቆመሽ መራመድ የምትችይበት ከሆነ፣ አውቶቡስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ መርከብ፣ «ጌት ኦን» ነው፣ ስትወርጂ «ጌት ኦፍ»። ጎንበስ ብለሽ ገብተሽ የምትቀመጪበት ከሆነ፣ መኪና፣ ታክሲ፣ «ጌት ኢን» ነው፣ ስትወርጂ «ጌት አውት»። ፈረስና ብስክሌት ላዩ ላይ ስለሚወጣ «ኦን» ነው። ቤት ስትደርሺ ደግሞ «ጌት ሆም» በዪ፣ «ቱ» አታስገቢ። «ሂር» እና «ዜር» ም እንደዚያው «ቱ» አይወዱም። ሌላው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ይፈልገዋል፤ «ጌት ቱ ዘ ኦፊስ»፣ «ጌት ቱ ዘ ስቴሽን»።

ጥያቄ፦ ሥራ ለማመልከት ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። ወንድሜ አነበበውና «ጌት በዛ» አለኝ። ደብዳቤው ውስጥ «አይ ጎት ማይ ዲግሪ»፣ «አይ ጎት ኤክስፒሪየንስ»፣ «አይ ጎት ቤተር አት ማይ ጆብ»፣ «አይ ሆፕ ቱ ጌት ኤ ሪፕላይ» የሚሉ አሉ። ስሕተት ናቸው?

መልስ፦ ሰዋስው ላይ ምንም ስሕተት የለባቸውም። ወንድምህ ግን ጆሮ አለው። «ጌት» የጓደኛ ቃል ነው፣ በወሬ፣ በስልክ መልእክት፣ ለባልደረባ በሚጻፍ ኢሜይል ላይ ቤቱ ነው፣ እዚያ ብትሸሸው ራሱ ንግግርህ ደረቅ ይሆናል። የማያውቅህ ቀጣሪ ፊት ግን አራቴ ሲደጋገም ቃል ያጠረህ ያስመስላል። ደግሞ «ጌት» ብዙ ነገር ስለሚሸከም፣ አንተ በትክክል ምን እንዳደረግህ አይናገርልህም።

እንዲህ አድርገው። ዲግሪው ላይ «ኧርንድ» በል፣ ሠርተህ እንዳገኘኸው ይናገራል፣ «ጎት» ግን የተሰጠህም ሊያስመስለው ይችላል። ልምዱ ላይ «ጌይንድ» ይሂድ። «ጎት ቤተር» ን አውጥተህ «ኢምፕሩቭድ» አስገባና ምኑን እንዳሻሻልክ ጻፍ፣ ቀጣሪው የሚፈልገው እሱን ነው። የመጨረሻው ላይ «ሪሲቭ» ይበቃል፣ ወይም ዓረፍተ ነገሩን ቀይረህ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ዩር ሪፕላይ» በል። ደብዳቤው ተልኮ ለቃለ መጠይቅ ስትጠራ ግን፣ ስልኩን እንደዘጋህ ለወንድምህ «አይ ጎት አን ኢንተርቪው!» ብለህ ጩህ፣ እዚያ ላይ «ሪሲቭድ» ብትል ነው የሚያስቀው።